ቪታም ሲዘጋ የማይጠፋው ስክሪን

ስለ ሜይንፍሬም፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚጋራው ትልቅ ኮምፒውተር፣ ጠይቃችሁ ከሆነ «ኮንሶል የኦፕሬተሩ ነው፣ ተርሚናል የተጠቃሚው ነው» የሚለውን መልስ ሰምታችሁታል። ሐሰት የለበትም። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ብዙም አያሻግርም። እኔ የከፈትኳቸው ሁለት መስኮቶች በመልክ መንታ ነበሩ፦ ጥቁር መደብ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ 24 መስመር በ80 ዓምድ፣ ሁለቱንም የሚያሳየኝ ያው ኤክስ3270 የተባለው ፕሮግራም። አንደኛው ላይ የሲስተሙ መልእክት ይወርዳል፤ ሌላኛው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ታዲያ ማሽኑ የትኛው ኮንሶል፣ የትኛው ተርሚናል እንደሆነ በምን ያውቃል? የአይቢኤም ሜይንፍሬም ስርዓተ ክወና የሆነውን ኤምቪኤስ 3.8ጄን በግል ኮምፒውተሬ ላይ አስነሳሁና አንዱን ስዘጋ ሌላው ምን እንደሚሆን መከታተል ጀመርኩ።

ለዚህ እውነተኛ ሜይንፍሬም አያስፈልግም። ሮጀር ቦውለር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ሄርኩለስ የተባለ ኢሙሌተር ከሲስተም/370 ጀምሮ እስከ ዜድ አርክቴክቸር ያሉትን የአይቢኤም ማሽኖች በተራ ኮምፒውተር ላይ ያስመስላል። ኤምቪኤስ 3.8ጄ ደግሞ በነጻ ይገኛል፤ ዩርገን ዊንክልማን ያሰናዳው ቲኬ4 የሚባለው ጥቅል ተሟልቶ የመጣ ስለሆነ ሲስተሙን ከመሠረቱ መገንባት ግድ አይልም።

የሄርኩለስ ማዋቀሪያ ፋይል እያንዳንዱን ዕቃ በአንድ መስመር ይገልጻል፦ አድራሻው፣ ዓይነቱ፣ አንዳንዴም ተጨማሪ ምርጫ። 009 ላይ 3215 የሚባለው የጽሕፈት መኪና ኮንሶል አለ፤ ይህኛው የራሱ መስኮት የለውም፣ በሄርኩለስ የትእዛዝ መስመር ላይ በእዝባር ምልክት (/) እየተጀመረ ይጻፍበታል። 010 እና 011 ላይ 3270 ስክሪኖች አሉ። ከእነሱ ወረድ ብሎ ሌሎች 3270ዎች ተደርድረዋል። ሄርኩለስ በ010ና ከታች ባሉት መካከል ምንም ልዩነት አያይም። ከአንዳንዶቹ አጠገብ የቡድን ስም ተጽፏል፣ ግን የእሱ ሥራ ከውጭ የሚመጣው መስኮት የትኛው አድራሻ ላይ እንደሚያርፍ መምረጥ ብቻ ነው። የቡድን ስም ሳይጠራ የሚመጣ መስኮት ቡድን ከሌላቸው አድራሻዎች መካከል ነጻ የሆነውን የመጀመሪያውን ያገኛል። ይህንን ለመሞከር ካሰባችሁ ለኮንሶሎቹ የቡድን ስም ስጧቸው፤ ያለዚያ ማን ኦፕሬተር እንደሚሆን የሚወስነው መጀመሪያ የተከፈተው መስኮት ነው።

ልዩነቱ እንግዲህ ከሄርኩለስ ውጭ፣ ኤምቪኤስ ውስጥ ነው ያለው። ሲስተሙ ሲገነባ፣ ባለሙያዎቹ ሲስጀን በሚሉት ሥራ፣ የዕቃዎቹ ዝርዝር ይሞላል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የትኞቹ አድራሻዎች ኮንሶል ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ዋናው ማን እንደሆነና ዋናው ቢወድቅ ማን እንደሚተካው ለብቻው ይጻፋል። በዚያ መዝገብ ያልሰፈረ 3270 ምንም ያህል ከኮንሶሉ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ኮንሶል አይሆንም።

ይህ የኢሙሌተሩ ጠባይ መስሎኝ ወደ ኋላ ሄጄ የድሮዎቹን ዕቃዎች ሳይ፣ ነገሩ ከመጀመሪያውም እንዲሁ እንደነበር ገባኝ። አይቢኤም ሲስተም/360ን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1964 ይፋ ሲያደርግ የኦፕሬተሩ ኮንሶል 1052 ሞዴል 7 የሚባል የጽሕፈት መኪና ነበር። ውስጡ ያለው ሴሌክትሪክ የተባለው የአይቢኤም የጽሕፈት መኪና አሠራር ነው፤ ፊደላቱ የተቀረጹባት ኳስ እየተሽከረከረች ወረቀቱን ትመታለች። በ1965 የወጣው 2741 ተርሚናልም በዚያው በሴሌክትሪክ አሠራር ላይ የተሠራ ነበር። ወረቀቱ ወረቀት፣ ኳሷም ኳስ። የሚለያዩት በገመዱ ነው። 1052 ከማሽኑ ጋር በቅርብ ይያያዛል፤ 2741 ግን በስልክ መስመር በኩል መጥቶ እንደ 2702 ያለ የመስመር መቆጣጠሪያ ያልፋል። ኮንሶሉ ወረቀት መሆኑ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ኦፕሬተሩ የጻፈውና ማሽኑ የመለሰው ሁሉ ሊጠፋ በማይችል መልኩ ተመዝግቦ ይቀር ነበር። ወደ ስክሪን ሲዞሩ ይህ መዝገብ ወደ ዲስክ ሄደ።

ስክሪኑ በስፋት የመጣው በ1971 ከ3270 ቤተሰብ ጋር ነው። 3277 ሞዴል 2 የሚይዘው 1920 ፊደል ነበር፤ 24 በ80 የሚለው መጠን ዛሬም በኢሙሌተሮች ላይ የሚታየው ከዚያ ወርሶ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የዩኒክስ ልማድ ይዞ የሚመጣ ሰው ግራ የሚጋባው በዚህ ነው። ቪቲ100ን የመሰለ ተርሚናል አንድ ቁልፍ በተመታ ቁጥር ያንን ፊደል ወደ ማሽኑ ይልካል፣ ማሽኑም መልሶ ያስተጋባዋል። 3270 እንዲህ አይሠራም። አስተናጋጁ ማሽን ስክሪኑን በአንድ ጊዜ ጽፎ ይልካል፤ የትኛው ቦታ የተዘጋ፣ የትኛው የሚጻፍበት እንደሆነ የሚናገር ምልክት ባይት በየመስኩ ፊት ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው የሚጽፈውን ሁሉ፣ ማረሙንም መሰረዙንም፣ ማሽኑ አያየውም። ኢንተር ወይም ፒኤፍ ከሚባሉት የተግባር ቁልፎች አንዱ ሲመታ ብቻ፣ የተነኩት መስኮች ከተመታው ቁልፍ ምልክት ጋር ተጠቅልለው ይሄዳሉ። ቅጽ ሞልቶ በቢሮ መስኮት ለሠራተኛው እንደ ማስገባት ማለት ነው። ቅጹ ከገባ በኋላ ኪቦርዱ ይቆለፋል፤ የሚከፈተው አስተናጋጁ መልስ ጽፎ «ክፈት» ሲል ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድን ማሽን ሲጋራ ይህ አሠራር ማሽኑን ከብዙ ውክቢያ ያድነዋል።

ኮንሶሉም በኋላ ወደዚሁ 3277 ዞረ። ስለዚህ ኤምቪኤስ ውስጥ አንድ ዓይነት ስክሪን፣ አንድ ዓይነት የዳታ አቀራረብ፣ ሁለት የተለያዩ ባለቤቶች አሉት። ተርሚናሉን የያዘው ቪታም የሚባለው የመገናኛ ሶፍትዌር ነው፤ በእሱ ላይ ቲኤስኦ፣ ማለትም ተጠቃሚዎች በስማቸው ገብተው የሚሠሩበት ፕሮግራም፣ ወይም ሌላ ፕሮግራም ይቀመጣል። የተጠቃሚ ፕሮግራም ወደ ተርሚናል ሲጽፍ ቲፑት፣ ሲያነብ ቲጌት በሚባሉ ጥሪዎች ይጠቀማል፤ ሁለቱም የሱፐርቫይዘር ጥሪ (ፕሮግራም ከሲስተሙ አገልግሎት የሚጠይቅበት መንገድ) ቁጥር 93 ናቸው። ኮንሶሉን የያዘው ግን ኮሙኒኬሽንስ ታስክ የሚባለው የሲስተሙ የራሱ ክፍል ነው። ወደ ኮንሶል የሚጽፍ ፕሮግራም ደብሊውቲኦ በሚባለው የሱፐርቫይዘር ጥሪ ቁጥር 35 መልእክቱን ይሰጣል፤ የት ስክሪን ላይ እንደሚወጣ ራሱ አይወስንም፣ አያውቅምም። ከዚያ ዲዶክስ የሚባለው የኮንሶል ስክሪን አስተዳዳሪ ይረከበዋል። በዚህ መንገድ ላይ ቪታም የለም፤ ቲኤስኦ የለም፤ የይለፍ ቃልም የለም።

ይህን በወረቀት ካነበብኩ በኋላ መፈተኑ ቀላል ነበር፦ ቪታምን መዝጋት። በኮንሶሉ መጀመሪያ ቲኤስኦን አስቆምኩ፣ ከዚያ ሃልት ኔት ኩዊክ የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። የተርሚናሉ መስኮት አልተዘጋም። ከሄርኩለስ ጋር ያለው ግንኙነት እንዳለ ነውና ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ቆሞ ቀረ፤ የሚጻፍበት መስክ ላይ ፊደል ስመታም ፊደሉ ታየ። ስክሪኑ ሕያው ይመስላል። ኢንተር ስመታ ግን ኪቦርዱ ተቆለፈ፣ የሚከፍተውም አልመጣም፤ ምልክቱን የሚቀበል ባለቤት ስለሌለው። በአጠገቡ ያለው የኮንሶል መስኮት ምንም እንዳልተፈጠረ ትእዛዝ እየተቀበለ፣ እየመለሰ ቀጠለ። ተርሚናሎቹን ያስነሳኋቸውም ከዚያው ሆኜ ነው፤ ስታርት ኔት፣ ስታርት ቲኤስኦ። እነዚህን ትእዛዞች ከተርሚናል ልስጥ ብል የሚሰጥበት ተርሚናል የለም።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ ወደድኩት። ሲስተሙን ዘግቼ ከማዋቀሪያው ፋይል 009ን አወጣሁ፤ እሱ ካለ ኤምቪኤስ ሁልጊዜ አንድ ኮንሶል ስለሚያገኝ ሙከራው አይሠራም። የ010 እና የ011 መስኮቶችን ሳልከፍት፣ የተርሚናል መስኮቶችን ብቻ ከፍቼ አይፒኤል አደረግሁ፣ ማለትም ሲስተሙን ከመጀመሪያው አስነሳሁት። ማሽኑ ብዙም ሳይሄድ ቆመ፤ ዌይት ስቴት 007። ትርጉሙ በሲስተሙ አነሳስ ወቅት የሚሠራው ኒፕ የተባለው ክፍል የሚያናግረው ኮንሶል አጣ ማለት ነው። ተርሚናሎቹ ከማሽኑ ጋር ተያይዘው፣ በርተው፣ ባዶ ስክሪን ይዘው ተቀምጠዋል። ኒፕ የሚያየው የኮንሶሎቹን ዝርዝር ብቻ ስለሆነ ለእሱ የሉም። የ010ን መስኮት ከፍቼ እንደገና አይፒኤል ሳደርግ የተለመደው ጥያቄ መጣ፦ አይኢኤ101ኤ፣ የሲስተሙን መለኪያዎች ስጥ የሚለው። ማሽኑ በዚያች ሰዓት ተጠቃሚ አያውቅም፣ ስም አያውቅም፣ ኔትዎርክ አልተነሳም። የሚያውቀው በዚያ አድራሻ ላይ አንድ ሰው መልስ ሊሰጠው እንደሚችል ነው። ሪፕላይ ብዬ መለስኩለትና ሄደ።

ልዩነቱን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ዛሬ የምመልሰው ከዚህ ተነስቼ ነው። በተርሚናል ላይ መብት የሚከተለው ሰውየውን ነው፤ በየትኛውም ተርሚናል ቢቀመጥ በስሙ ገብቶ የተፈቀደለትን ያደርጋል። በኮንሶል ላይ መብት የሚከተለው አድራሻውን ነው። በዚያ ዘመን ኤምቪኤስ ከኮንሶሉ ፊት ማን እንደተቀመጠ አይጠይቅም ነበር፤ የይለፍ ቃሉ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ነው። በኋላ በመጡት ሲስተሞች ኮንሶልም መግቢያ እንዲጠይቅ ማድረግ ተችሏል፤ እንዲያም ሆኖ አድራሻው ወይም ስሙ በኮንሶሎች ዝርዝር ውስጥ መስፈር አለበት።

ዲስፕሌይ ኮንሶልስ የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ ይህ በግልጽ ይታያል። እያንዳንዱ ኮንሶል ከአድራሻው አጠገብ ሁለት ነገር ይዟል፦ ምን ዓይነት ትእዛዝ እንደሚፈቀድለትና የትኞቹ መልእክቶች እንደሚደርሱት። የትእዛዙ ሥልጣን በመደብ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ መጠየቅ ብቻ ይችላል፣ ሌላው ሥራዎችን ይነካል፣ ሌላው ዕቃዎችን፣ ዋናው ሁሉንም። የመልእክቶቹ አከፋፈል ደግሞ በቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ መልእክት የመላኪያ ቁጥር ይይዛል። 1 ዋናው ኦፕሬተር እርምጃ የሚወስድበት ነው፣ 2 ለእሱ መረጃ፣ 3 የቴፕ ማንቀሳቀሻዎች ጉዳይ፣ 5 የቴፕ ቤተ መጻሕፍት፣ 9 የደህንነት ጉዳይ፣ 10 የማሽን ስህተትና ጥገና፣ 11 ለፕሮግራመሩ። በቫሪ ትእዛዝ 011ን ቴፕን ለሚመለከቱት ቁጥሮች ብቻ ከፍቼ፣ ከመጠየቅ ያለፈ ሥልጣን ሳልሰጠው ተውኩት። ከዚያ በኋላ ቴፕ የሚጠይቅ ሥራ ሳስገባ የቴፑ ጥያቄ በ011 ላይ ብቅ አለ፤ ሌላው ጫጫታ በ010 ቀረ። ሰፊ ክፍል ውስጥ አንዱ ኦፕሬተር ከቴፕ ማንቀሳቀሻዎቹ አጠገብ፣ ሌላው ከማተሚያዎቹ አጠገብ ሲሠሩ ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ መገመት አይከብድም። የተርሚናል ተጠቃሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነካካውም፤ ወደ እሱ የሚመጣው እሱ የጠየቀው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ካልሞከርኩት አላምንበትም ነበር፤ የኮንሶል ስክሪን መሙላት። ኮንሶሉ በራሱ እንዳያንከባልል ተደርጎ ከተዋቀረ፣ ስክሪኑ ሲሞላ አዳዲሶቹ መልእክቶች ውጭ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሰልፉ የሚቀመጥበት የማስታወሻ ቦታ ወሰን አለው። ወሰኑ ሲደርስ ደብሊውቲኦ የሚጠራ ፕሮግራም ሁሉ መቆም ይጀምራል፤ መልእክቱ እስኪወጣ ይጠብቃላ። ኋላ በመጡት ኤምቪኤሶች ማስጠንቀቂያው በ80 በመቶ ላይ አይኢኤ405ኢ፣ በ100 በመቶ ደግሞ አይኢኤ404ኤ ተብሎ ይመጣል፤ የሜይንፍሬም ኦፕሬተሮች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሲያዩ ሌላ ሥራ አይሠሩም። አንድ ተርሚናል ተከፍቶ ቢተው የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ ነው። ያልተጠበቀ ኮንሶል ግን ከሱ ጋር ምንም የማይገናኘውን የደመወዝ ሥራ ሊያቆም ይችላል። መፍትሔው ኮንትሮል በሚለው ትእዛዝ ስክሪኑ እንዲያንከባልል፣ ነገር ግን መልስ የሚጠብቁትን መልእክቶች ሳይነካ እንዲያልፋቸው ማዘዝ ነው። በመልእክት መለያው መጨረሻ ያለችው ፊደል እዚህ ትጠቅማለች፤ አይ ለመረጃ፣ ኤ አሁኑኑ እርምጃ ለሚሻ፣ ኢ ቆየት ብሎ እርምጃ ለሚሻ።

እስካሁን ኮንሶል ያልኩት የሲስተሙን ሶፍትዌር የሚያናግረውን ነው። ከእሱ በታች ሌላ አለ፣ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ሁለቱን ይቀላቅሏቸዋል። በሲስተም/360 ላይ ይህ መብራቶችና ማዞሪያዎች ያሉት ሰሌዳ ነበር፤ ሲስተሙ የሚነሳበትን ዕቃ አድራሻ በሦስት ማዞሪያዎች መርጦ ሎድ የሚለውን ቁልፍ መጫን። በዛሬዎቹ ማሽኖች ያው ሥራ ኤችኤምሲ ለሚባለው ለብቻው የተቀመጠ ኮምፒውተር ተሰጥቷል። በሄርኩለስ ላይ ደግሞ የራሱ የትእዛዝ መስመር ነው፤ አይፒኤል የምለው፣ ማሽኑን የማቆመውና የማስቀጥለው ከዚያ ነው። ኤምቪኤስ ሞቶ እንኳ ይህኛው ይሠራል፣ ምክንያቱም የማሽኑ እንጂ የሲስተሙ አይደለም። ሁለቱ ሽፋኖች የሚገናኙበት አንድ ቆንጆ ነጥብ አለ፦ ዋናው ኮንሶል ቢታመም ኦፕሬተሩ በሃርድዌር ሰሌዳው ላይ ያለውን የኢንተራፕት ቁልፍ ይጫናል፤ ውጫዊ ኢንተራፕት (ሲስተሙ የያዘውን አቋርጦ እንዲያይ የሚያደርግ ምልክት) ይመጣል፣ ኤምቪኤስም ዋናነቱን ወደ ተተኪው ኮንሶል ያዞራል። በሄርኩለስ አንዲት አጭር ትእዛዝ ይህንኑ ታደርጋለች። ትእዛዝ የሚቀበል ኮንሶል በሌለበት ሰዓት ትእዛዝ የማይጠይቅ መንገድ ማስቀመጣቸውን አደንቃለሁ።

ከተርሚናል ሆኖ የኮንሶል ሥራ መሥራትስ? ይቻላል፣ ድሮም ይቻል ነበር። በ3.8ጄ ቲኤስኦ ውስጥ ኦፕሬተር የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሥልጣኑ ለተሰጠው ተጠቃሚ መጠየቅን፣ ሥራ መሰረዝን፣ ለሌሎች መልእክት መላክን ይፈቅዳል። የኤምቪኤስ የዛሬ ወራሽ በሆነው በዜድ/ኦኤስ ላይ ደግሞ ኤስዲኤስኤፍ በሚባለው የሥራዎች መከታተያ ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ በእዝባር የሚጀምር ትእዛዝ መስጠት የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ አብዛኛው የሲስተም ባለሙያ ከዴስኩ ሳይነሳ እንዲህ ይሠራል፣ ኮንሶሉን ከዓመት ዓመት ላያየው ይችላል። ምቾቱን አልክድም፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን ይህ መንገድ በቪታምና በቲኤስኦ ትከሻ ላይ ነው የቆመው። ከላይ ያደረግሁትን ሙከራ በኤስዲኤስኤፍ ትእዛዝ ብጀምረው ኖሮ፣ ትእዛዙ የተቀመጥኩበትን ቅርንጫፍ ይቆርጠው ነበር።

ለዚህ ነው በሥራ ላይ ባሉ ማሽኖች ቢያንስ አንድ ኮንሶል ከሲስተሙ የራሱ ኔትዎርክ ውጭ እንዲያዝ የሚደረገው። ዛሬ የ3277 ሣጥን የለም፣ አርጂ-62 ኬብልም በየወለሉ ሥር አይጎተትም፤ ስክሪኑ ቲኤን3270 የሚባለውን ፕሮቶኮል የሚናገር ተራ ፕሮግራም ነው፣ የሚመጣውም በኔትዎርክ ነው። ልዩነቱ ኔትዎርኩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። በዜድ ማሽኖች ላይ ኦኤስኤ አይሲሲ የሚባለው ካርድ ግንኙነቱን ራሱ ይቀበልና ለዜድ/ኦኤስ በቅርብ የተሰካ 3270 አስመስሎ ያቀርብለታል፤ የሲስተሙ ቪታም ወይም ቲሲፒ/አይፒ ባይነሳም ኮንሶሉ ይሠራል። ሄርኩለስም ለ010 የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መስኮቱ የሚያንኳኳው የኢሙሌተሩን በር እንጂ የኤምቪኤስን አይደለም።